ቆሞ ሳለ የመንግሥት፣ ሲወድቅ የእግዜር

ቪትዝ መኪናዬ ላይ ዛፍ ወደቀባት። ቆማ! እኔ ውስጧ አልነበርኩም፣ ተመስገን ነው። ጣሪያዋ ግን መቀመጫው ድረስ ገብቷል። የፊት መስታወቱ እንዳልነበር ሆኗል። እሱ ላይ የለጠፍኳት የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ስቲከር ብቻ በሰላም ተርፋለች።

ዛፉ ካለፈው ክረምት ጀምሮ የዘመመ ባህር ዛፍ ነው። ቧንቧ ሲቀበር በአንድ ወገን ያለውን ሥሩን ቆራረጡት። መሬቱ በሐምሌ ዝናብ ሲርስ ታዲያ ምን ይያዘው? የሰፈሩ ሰው ይቆረጥልን ብሎ አመልክቶ ነበር። «የመንግሥት ዛፍ ነው፣ ያለ ፈቃድ የነካ ይቀጣል» ተባልን። እሺ፣ አልነካንም።

ከወደቀ በኋላ ስሄድ ግን እዚያው ያመለከትንበት ቢሮ፣ እዚያው ወንበር ላይ ያለው ሰውዬ «ወንድሜ፣ ንፋስ ነው የጣለው፤ የእግዜር ሥራ ነው» አለኝ። ሥሩን በዶማ የቆረጠውም እግዜር ነው?

ትራፊኩ መጥቶ «ግጭት የለም፣ ምን ብዬ ልመዝግብ?» ብሎ ሄደ። ኢንሹራንሱም አይመለከተኝም አለ። በአዋጅ 799/2005 ግዴታ የሆነው ሦስተኛ ወገን እኔ በሌላ ሰው ላይ ለማደርሰው ጉዳት ነው፤ እሱስ ይገባኛል። የራስን መኪና የሚሸፍነውን ሙሉ ዋስትና ለአሮጌ መኪና ሲጠየቁ የኢንሹራንሶቹ ፊት እንዴት እንደሚቋጠር ግን የሞከረ ያውቀዋል። የፓርኪንጉ ልጅ ደግሞ የቆመችበትን ሂሳብ ጠየቀኝ። ከፈልኩ፣ ምን ላድርግ!

ከሁሉ የሚያቃጥለኝ እንጨቱ ነው። ግንዱን ከመኪናዬ ላይ የሚያነሳ መሥሪያ ቤት ጠፍቶ ሲዋል፣ መጥረቢያ የያዘው ሕዝብ ከየት እንደፈላ አላውቅም። ሲመሽ ቅጠሉ እንኳ አልቀረም። ማገዶ ውድ ነው፣ አልፈርድባቸውም። በነጋታው ቢሮው ባለሙያ ላከ። ባለሙያው ግራ ቀኙን አየና «ዛፉ የታለ?» አለ። ሪፖርቱ ላይ የሰፈረው «በቦታው የወደቀ ዛፍ አልተገኘም» የሚል ነው። ጣሪያዋን ማን እንደረገጣት አልተጻፈም።

የመኪና ቆርቆሮ የሚያቃናው ባትላሜራ «ይሄ አይቃናም፣ ጣሪያው ተቆርጦ ይቀየር» ብሎኛል። የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄጄ ዋጋ ጠይቄ ዝም ብዬ ተመለስኩ። እጁ የተባረከ፣ ዋጋው የማያስደነግጥ ሌላ ባትላሜራ የምታውቁ ጻፉልኝ።

ደግሞ ከጎኑ የነበረው ሌላው ባህር ዛፍም ወደ መንገዱ ዘሟል። ከሥሩ የምታድረው ነጭ ኮሮላ ባለቤት፣ ይህን ካነበብክ ዛሬውኑ አንሳት።