ሽንፈት የሚያጠነክረው መንግሥት የቱ ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ፈረንጅ አራዳ አንዲት ጠባብ ሻይ ቤት ውስጥ ዝናብ ያዘኝ። የጅማ የሐምሌ ዝናብ የታወቀ ነው፤ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አጠገብህ ያለ ሰው የሚያወራው አይሰማህም። ቴሌቪዥኑ ግን ዝናቡን እንዲያሸንፍ ተለቅቋል። ከረቫት ያሰሩ ተንታኝ ስለ ኢራን ያወራሉ። ሐሳባቸው ባጭሩ ይሄ ነው፦ በሃይማኖት ላይ የቆመ መንግሥት በጦርነት ሲመታ አይዳከምም፣ ሕዝቡ ከኋላው ይሰለፋል፣ ኢራንም በሰኔ 2017 ከእስራኤል ጋር ካደረገችው የአሥራ ሁለት ቀን ጦርነት በርትታ ወጥታለች።

ሻዩ ትን አለኝ።

አስቀድሜ ነገሬን ላጥራ። እኔ ጁምዓ የማልቀር ሰው ነኝ። ጋዛ ላይ የሆነውን እያየሁ እንቅልፍ ያጣሁባቸው ሌሊቶች አሉ። ኢራን ውስጥ በእነዚያ ቀናት ከሞቱት ከ1,000 በላይ ሰዎች መካከል ከኑክሌሩም ከጦሩም ምንም ያልነበራቸው ብዙ ናቸው። እስራኤል አሸነፈች ብዬ እልል አልልም። ስለዚህ የማን ወገን እንደሆንኩ በመፈለግ አትድከሙ። እኔን ያናደደኝ ሽንፈትን ድል ብሎ መሸጥ ነው። ይሄን ሸቀጥ እኛ አገር ብዙ ዓመት ገዝተነዋል።

ተንታኙ ማስረጃ ብለው ያቀረቡት ሰልፍ ነው። ቴህራን ውስጥ ሕዝብ ባንዲራ ይዞ ወጥቷል አሉ። ሰልፍ ማስረጃ ከሆነማ ደርግ ዛሬም አራት ኪሎ በነበረ! እዚሁ ጅማ፣ የከፋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ በነበረችበት ጊዜ፣ ቀበሌ ስም እየጠራ ያሰልፍ እንደነበር እናቴ ትነግረኛለች። የቀረ ሰው የቀበሌ ሱቅ ስኳር ሲመጣ ያየው ነበር። ደግሞስ ሰው ቦምብ ሲወርድበት ከቦምቡ ይሸሻል እንጂ መንግሥቱን መውደድ ይጀምራል እንዴ? በዚያ ሳምንት ከቴህራን ወደ ሰሜን የሚወስደው መንገድ በመኪና ተጨናንቆ አይተናል። እነዚያ ሰዎች የተሰለፉት ከማን ኋላ ነበር?

ሁለተኛው ማስረጃቸው የኢራን እና የኢራቅ ጦርነት ነው። ሳዳም መስከረም 1973 ሲወርራቸው የኢራን እስላማዊ አብዮት ጠነከረ አሉ። እውነት ነው፣ ጠነከረ። ግን ያ ወረራ እንጂ ሽንፈት አልነበረም። ግንቦት 1974 ላይ ኮራምሻህርን አስለቀቁ፤ ያኔ ሕዝቡ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው ቢል አይፈረድበትም። ተንታኙ ፊልሙን እዚያ ላይ አቆሙት። እኔ ላስቀጥለው። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ተዋግተው የፈለጉትን አላገኙም። ሐምሌ 1980 ላይ የአብዮቱ መሪ ኾሜይኒ የተኩስ አቁሙን ሲቀበሉ ራሳቸው መርዝ ከመጠጣት ጋር አመሳሰሉት። በዚያው ክረምት እስር ቤቶች ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ የፖለቲካ እስረኞች ተገደሉ። የበረታ መንግሥት የታሰረ ሰው ይፈራል?

አዎ፣ መንግሥቱ ከዚያ በኋላም እስከ ሰኔው ጦርነት ድረስ 37 ዓመት ኖሯል። ይሄን እሰጣቸዋለሁ። ግን ያኔ ጠላት ቴህራን ሰማይ ላይ እንደ ቤቱ አልተመላለሰም፤ ጄኔራሎቹንም አልጋቸው ላይ አላገኛቸውም።

አሁን የሆነውን እስቲ በእኛ ቀን መቁጠሪያ ቁጠሩት። የሚገርም ነገር ታያላችሁ፤ አንድ ዓመት አይሞላም። ዘመን በተለወጠ በሳምንቱ፣ መስከረም 7 ቀን 2017፣ ኢራን የምትደግፈው የሊባኖሱ ሒዝቦላህ ሰዎች ኪስ ውስጥ ፔጀር የሚባለው የመልእክት መቀበያ ፈነዳ። መስከረም 17፣ እኛ የመስቀልን በዓል ስናከብር፣ የሒዝቦላህ መሪ ሐሰን ነስረላህ ቤይሩት ላይ ተገደሉ። ጥቅምት 16 የኢራን ኤስ-300 የአየር መከላከያ በእስራኤል ተመታ። ኅዳር 29 የኢራን አጋር የሶሪያው በሽር አል-አሳድ ደማስቆን ጥለው ሞስኮ ገቡ። ሰኔ 6 ጦርነቱ ወደ ራሷ ወደ ኢራን ቤት መጣ። ሰኔ 15 የአሜሪካ ቦምብ የኑክሌር ጣቢያዎቿ ባሉባቸው ፎርዶ፣ ናታንዝ እና ኢስፋሃን ላይ ወደቀ። ሰኔ 17 ተኩስ ቆመ። ሰኔ 19 ደግሞ ያኔ የኢራን የበላይ መሪ የነበሩት አያቶላህ አሊ ኻሜኔይ በቪዲዮ ወጥተው አሸንፈናል፣ አሜሪካንም በጥፊ መተናል አሉ። በጥፊ!

የአብዮታዊ ዘቡ አዛዥ ሆሴን ሳላሚ በመጀመሪያው ሌሊት ሞቱ። የጦር ኃይሎች ኤታማዦር ሹሙ ሞሐመድ ባገሪ በዚያው ሌሊት። የሚሳኤሉ አለቃ አሚር አሊ ሐጂዛዴ በዚያው ሌሊት። የማዕከላዊ ዕዙ አዛዥ ጎላም አሊ ራሺድም እንዲሁ፤ የእሳቸው ተተኪ ደግሞ ተሾመው ሳምንት ሳይሞላቸው ተመቱ። ይሄ በርትቶ መውጣት ከሆነ መድከም ምን ሊመስል ነው?

አብዮታዊ ዘብ የሚለው ስም ራሱ ለእኛ ባዕድ አይደለም። አብዮት ጥበቃ ያየ ትውልድ ገና በሕይወት አለ። በኢራን ሕገ መንግሥት መደበኛው ሠራዊት አገሩን ይጠብቃል፤ ዘቡ አብዮቱን ይጠብቃል። ማለትም መንግሥቱን ከጠላት ብቻ ሳይሆን ከገዛ ሕዝቡም ይጠብቃል። በ2015 መጀመሪያ በሒጃብ ሰበብ ፖሊስ የያዛት ማህሳ አሚኒ በሞተች ጊዜ አደባባይ የወጡትን ልጆች ያስፈራቸው ይሄው ዘብ ነው። አሁን እነዚያ ልጆች ምን አዩ? ሁሉን ያያል የተባለው ሰው መኝታ ቤቱ የሚመጣውን እንኳ አላየም። ፍርሃት እንዲህ ካለ ቀን በኋላ እንደነበረ አይመለስም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ሌላ አምባገነን ሲሸነፍ የተሸነፈው ጦሩ ነው፤ አዛዡን ይወቅሳል፣ በጀት ይጨምራል፣ ይቀጥላል። አምላክ ልኮኛል የሚል መንግሥት ግን ይሄ በር የለውም። ድሉን ሁሉ በፈጣሪ ስም ሲያስመዘግብ ኖሯል። ሽንፈቱን በማን ስም ያስመዝግበው? ፈጣሪ ተሸነፈ ማለት ክህደት ነው። ፈጣሪ ተለየን ማለት ደግሞ ሥልጣን ልቀቁ ማለት ነው። ስለዚህ ይዋሻል። መዋሸት ሲያቅተው ደግሞ እምነቱን ይለውጣል።

ሩቅ አንሂድ። መጋቢት 1881 መተማ ላይ አጼ ዮሐንስን የገደሉት የሱዳን ደርቡሾች የሃይማኖት መንግሥት ነበሩ። በዚያ ድል ሰክረው በዚያው ዓመት ክረምት ግብፅ ሊገቡ ተነሱ፤ ቱሽኪ ላይ ጦራቸውም አዛዣቸውም ቀረ። በ1890 ከረሪ ላይ በአንድ ጠዋት 10,000 ያህል ሰው ሞተባቸው። ከእንግሊዝና ግብፅ ወገን የሞተው ሃምሳ አይሞላም። የእንግሊዝ መድፍ የመንግሥታቸውን መሥራች የመህዲውን መቃብር ጉልላት ኦምዱርማን መሀል በሳው። ከተማው ሁሉ ቀና ብሎ ያየው የነበረ ጉልላት ነው። የመህዲው ተተኪ ኸሊፋው ሸሽቶ ዓመት ከጥቂት ወር ተንከራተተና ተገደለ። ያ መንግሥት በሽንፈቱ የት ጋ ነው የጠነከረው?

እምነት መለወጥ ያልኩትን ደግሞ ኢራን ራሷ አሳየችን። ኻሜኔይ በጦርነቱ ጊዜ በአካል አልታዩም። ሰኔ 28፣ ሺዓዎች ለኢማም ሁሴን በሚያለቅሱበት በአሹራ ዋዜማ፣ ሙሾው ላይ ብቅ አሉ። እዚያ ሙሾ አውራጁን ምን ቢጠይቁት ጥሩ ነው? ስለ ኢራን ዘምርልኝ። ስለ አገር! አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ‘አገር ሳይሆን እስልምና’ ሲል የኖረ መንግሥት፣ በኢማም ሁሴን ሐዘን ላይ የአገር ፍቅር መዝሙር አዘዘ። ተንታኙ ይሄን ብሔራዊ አንድነት ነው አሉት። እኔ ግን ሱቁ ሸቀጥ ሲያልቅበት የጎረቤቱን ሸቀጥ ሲሸጥ ነው ያየሁት። ለሃይማኖትህ ሙት ሲባል የኖረ ወታደር ነገ ለየትኛው ሊሞት ነው?

ከዚያ ሰላይ ፍለጋው መጣ። ተኩስ በቆመ ማግስት ለእስራኤሉ የስለላ ድርጅት ለሞሳድ ሰልለዋል የተባሉ ሦስት ሰዎች ተሰቀሉ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ታሰሩ። አፍጋናውያን ስደተኞች በመቶ ሺዎች ወደ ድንበር ተነዱ። ጄት ማውረድ ያቃተው መንግሥት የቀን ሠራተኛ አባረረ። ይሄ ነገር መከላከያውን ራሱን ይበላዋል። ራዳር በገንዘብ ይገዛል፤ ሰላይ እባላለሁ ብሎ የሚፈራ መኮንን ግን ራዳሩ ያየውን አይናገርም።

ይሄንን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ጎረቤቴ የቀድሞ ሠራዊት ጡረተኛ ናቸው፤ ኤርትራ ውስጥ ዙ-23 የሚባለው የአየር መቃወሚያ ተኳሽ ነበሩ። የካቲት 1980 የናደው ዕዝ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ በገዛ መንግሥታቸው ሲረሸኑ እሳቸው እዚያ ነበሩ። “ከዚያ በኋላ ማንም እውነተኛ ሪፖርት አልጻፈም” ይሉኛል። በወሩ መጋቢት ላይ አፋቤት ወደቀች፣ ናደው ዕዝ ተናደ። ግንቦት 1981 ጄኔራሎቹ መፈንቅለ መንግሥት ሞክረው ከሸፈባቸው፤ የተረፉት 12ቱ በዓመቱ ተረሸኑ። የካቲት 1982 መጀመሪያ ላይ ምጽዋ ሄደች። ደርግ የሃይማኖት መንግሥት አልነበረም ትሉ ይሆናል። ማርክስ ሌኒኒዝም ሃይማኖት ካልነበረ እኔ ሃይማኖት አላውቅም፤ ምስል ነበረው፣ መዝሙር ነበረው፣ ኑዛዜም ነበረው፣ ስሙም ሂስና ግለ ሂስ ይባል ነበር።

ታሊባንስ የሚለኝ አይጠፋም። ታሊባን በ1994 ሲመታ ካቡልን በሁለት ወር ውስጥ አጣ። ሃያ ዓመት ተራራ ለተራራ ኖሮ ነው የተመለሰው። የኔ ጉዳይ ከተሸነፈ በኋላ ቤተ መንግሥት ስለተቀመጠው ነው።

ይሄን ስጽፍ ጅሬን ያለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ትዝ አለኝ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ሃይማኖተኛ ንጉሥ ነበሩ፤ መስጊዳቸው አጥር ግቢያቸው ውስጥ ነው። ምኒልክ ሲመጡ ግን ፈጣሪን መድፍ ፊት አላቆሙትም። ገበሩ። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ጅማን ራሳቸው ገዙ፤ ሰገነቱ ዛሬም ቆሟል። ፈሪ የሚሏቸው አሉ። እኔ ብልጥ እላቸዋለሁ።

ዝናቡ ሲያባራ ጡረተኛው ጎረቤቴ ጃንጥላ ይዘው ገቡ። ተንታኙ የተናገሩትን ነገርኳቸው፤ ሳቁ። የመዝሙሩን ነገር ስነግራቸው ግን ሳቃቸውን አቆሙ።

“ለአገር ዘምሩ አለ?”

“አዎ ጋሼ።”

“እኛ ዘንድ የካቲት 26 ነበር። ምጽዋ በሄደች በወሯ፣ ሶሻሊዝሙ ቀርቷል፣ ቅይጥ ኢኮኖሚ ነው አሉን። ምሽግ ውስጥ በሬዲዮ ነው የሰማነው። አንድ የጎጃም ልጅ ነበር፣ እንግዲያ እኔ እዚህ ምን አደርጋለሁ ብሎ ጠየቀኝ።”

“ምን አሉት?”

“ምን እለዋለሁ? በነጋታው አልነበረም።”

ሻይ አዘዙ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ከየካቲት 1982 እስከ ግንቦት 1983 ድረስ ወሩን በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ።