ፊት ላይ የበራ ፊት

ባለፈው ቅዳሜ ስድስት ኪሎ አካባቢ ጀበና ቡና የምንጠጣበት ቦታ አራት ሆነን ተቀምጠን ነበር። አንደኛው ዕድሜያቸውን ሙሉ ቀለም ሲቀቡ የኖሩ ሠዓሊ ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። አንደኛዋ ቪዲዮ ኤዲተር ናት። ሰርግም ማስታወቂያም ትሠራለች። ሌላዋ ጀርመን የምትኖር የኤዲተሯ ጓደኛ ናት፤ ለእረፍት መጥታ ነው። አራተኛው እኔ ነኝ።

ነገሩ የተጀመረው በስልክ ነው። እንግዳችን እ.ኤ.አ. በ2017 ካሰል ከተማ ሄዳ ዶክመንታ የሚባለውን ትልቅ የጥበብ ትርኢት አይታ ነበር። እዚያ የቀረጸችውን አጭር ቪዲዮ ከፈተችና ለጋሼ ሰጠቻቸው። የቴዎ እሸቱ ሥራ ነው። ቴዎ ለንደን የተወለደ፣ ልጅነቱን አዲስ አበባም ጭምር ያሳለፈ፣ በርሊን የሚሠራ የቪዲዮ አርቲስት ነው። የታሪክ ጸሐፊው የተክለ ጻድቅ መኩሪያ የልጅ ልጅ ነው። ስለ አያቱም ፊልም ሠርቷል።

ቪዲዮው ላይ አንድ ግዙፍ ባነር ይታያል። ባነሩ ላይ ጭምብሎች ታትመዋል። በጭምብሎቹ ላይ ደግሞ በፕሮጀክተር የሰው ፊት ይበራባቸዋል። የአንዲት ሴት ዓይን ከጭምብሉ ዓይን ጋር ሊገጥም ይጠጋል፤ አፍንጫዋ ግን ትንሽ ወጣ ይላል። የፊቷ ቆዳ ከእንጨቱ ቀለም ጋር ይደባለቃል። ከዚያ ዓይኗን ትጨፍናለች። ጭምብሉም አብሯት የጨፈነ ይመስላል።

ጋሼ አይተው ጨረሱና ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ይሄ ሥዕል አይደለም» አሉ። «ሰው ቀረጸ፤ ጨርቅ ላይ አበራ፤ በቃ። እጁ የታለ?»

ኤዲተሯ ወዲያው ተነሳችባቸው። «እጁማ አለ ጋሼ! አንድ ሰከንድ ቪዲዮ እኮ 25 ፍሬም፣ 25 ተከታታይ ምስል ማለት ነው። ያንን ፊት ከዚያ ጭምብል ጋር ለማስማማት ስንት ሌሊት ተቀምጦ እንዳደረ እኔ አውቃለሁ። እርስዎ በብሩሽ የሚያደርጉትን እሱ በመዓት ፍሬም ነው የሚያደርገው።»

«ልፋት ብቻውን ጥበብ አይሆንም ልጄ። ድንጋይ የሚፈልጠውም ይለፋል።»

ለዚህ መልስ አጣች። እኔም አጣሁ። ጋሼ ሲናገሩ እንዲህ ናቸው፤ ቃል አያባክኑም።

እንግዳችን የባነሩን ታሪክ ማውራት ጀመረች። ባነሩ በርሊን፣ ዳህሌም የሚባለው ሰፈር ከነበረው የኢትኖሎጂ ሙዚየም የመጣ ነው። ከተለያየ የዓለም ክፍል የተሰበሰቡ ጭምብሎችን እያሳየ «ኑና እዩ» ለማለት የተሠራ ማስታወቂያ ነበር። ሙዚየሙ ከዚያ ሲለቅ ባነሩ ሥራው አለቀ። ቴዎ ያንን ጨርቅ ነው ሸራ ያደረገው። «አስቡት» አለች፤ «ጭምብል እኮ የተሠራው ሰው ፊቱ ላይ ሊያደርገው ነው። ሙዚየም ሲገባ ግን ሰውየው ተለየና ጭምብሉ ብቻውን መስታወት ውስጥ ቀረ። እሱ ሰውየውን መለሰለት።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሐሳቡ ጥሩ ነው። ሐሳብ ግን በጽሑፍም ይነገራል። አንቺ አሁን በቃል ነገርሽኝ፤ ገባኝም። ታዲያ ምስሉ ምን ጨመረ?»

ከሁሉ የከበደኝ ይሄ ጥያቄ ነው። እስከ ማታ ሳመላልሰው ዋልኩ።

እዚያው ተቀምጠን ሳለ ግን የመጣልኝ ጋሼ ራሳቸው ያስተማሩኝ ነገር ነው። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሳላሉ። ክፉዎቹ ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። ሠዓሊው ፊቱን ሲሠራ ፈርዶ ጨርሷል ማለት ነው። «ታዲያ ጋሼ፣ እዚህ ባነር ላይ በማን ላይ ነው የተፈረደው?» አልኳቸው። «ጭምብሉ አይንቀሳቀስም። ፊቶቹ ግን ይመጣሉ፣ ይሄዳሉ። አንዱ ሲገጥም ሌላው አይገጥምም። ከሩቅ አገር የመጣ ነው ያልኩት ጭምብል ድንገት የጎረቤቴን ፊት ይመስለኛል። ይሄ በጽሑፍ ቢነገረኝ አውቀዋለሁ እንጂ አይደርስብኝም።»

«በሸራ ቢሆን አንዱን ፊት መምረጥ ነበረበት» አሉ ጋሼ ቀስ ብለው። መስማማታቸው አልነበረም፤ እያሰቡ ነበር።

ኤዲተሯ ይሄን ስታይ ገፋችበት። «ደግሞስ ቤተ ክርስቲያን ስንገባ ሥዕሉን ብቻ ነው እንዴ የምናየው? ከበሮው አለ፣ ጽናጽሉ አለ፣ ዕጣኑ አለ፣ መጋረጃው ይከፈታል። ቦታውን፣ ድምፁን፣ ብርሃኑን ሁሉ አንድ ሥራ የሚያደርገው ኢንስታሌሽን የሚሉት ጥበብ ይሄው አይደል?»

«ኧረ ተይ!» አሉ ጋሼ፤ አሁን ከልባቸው ተቆጡ። «እሱ ጸሎት ነው። ሰው እዚያ የሚሄደው ሊያይ ሳይሆን ሊጸልይ ነው።»

እዚህ ላይ እኔም ከጋሼ ጋር ነኝ። አዲሱን ሥራ ለማክበር የግድ ቅዱሱን ነገር ስሙን መለወጥ አያስፈልግም።

ቀጥሎ ጋሼ የመብራቱን ነገር አነሱ። መብራት ከሄደ ምን ይቀራል? የእሳቸው ሸራ በጨለማም ቢሆን ግድግዳው ላይ አለ። ይሄን ማንም ሊያስተባብል አልቻለም። ኮሪያዊው የቪዲዮ አርቲስት ናም ጁን ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1988 አገሩ ባለው ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ 1003 ቴሌቪዥኖችን ደርድሮ ማማ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 ቴሌቪዥኖቹ አርጅተው ለአደጋ ስለሚያሰጉ ማማው እንዲጠፋ ተደረገ። ተጠግኖ እንደገና የበራው በ2022 ነው። ለአራት ዓመት የአንድ ታላቅ ሰው ሥራ ጥቁር መስታወት ሆኖ ቆመ ማለት ነው። ኤዲተሯም ሃርድ ዲስኳ ተበላሽቶ የሦስት ዓመት ሥራዋ እንደጠፋ ነገረችን። ስትናገር ድምጿ ወረደ።

ክርክሩን ያበረደው ሌላው የቴዎ ሥራ ነው። የአክሱም ሐውልት እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮም ተወስዶ፣ በ2005 በሦስት ተቆርጦ በአውሮፕላን መመለሱን፣ በ2008 መተከሉን ሁላችንም እናውቃለን። ቴዎ ይህን መመለስ በ2009 በ15 ስክሪን አሳየ። ስክሪኖቹ የተደረደሩት የንግሥተ ሳባን ታሪክ በትንንሽ ሣጥኖች ከፋፍሎ እንደሚተርከው የጨርቅ ሥዕላችን ነው።

ጋሼ ቀና አሉ። «44ቱን ሣጥን?» አሉ። «ወጣት ሳለሁ ለቱሪስት ስንት ንግሥተ ሳባ ሥያለሁ መሰላችሁ! አንዱን ሣጥን ከሌላው ጋር የሚያያይዘው ዓይን ነው። ሰው የትኛው ጋ ቀድሞ እንደሚያይ ካላወቅህ ታሪኩ ይበተናል።»

«እሱም ያሰበው እሱኑ ይሆናላ» አለች ኤዲተሯ፤ አሁን በለሆሳስ።

እኔ ጋሼ የተቆጡባቸው ብዙ ነገሮች መቆጣት የሚገባቸው ናቸው ባይ ነኝ። በየስልኩ በአንድ ደቂቃ ተፈብርኮ «ዲጂታል ፖርትሬት» የሚባለው ፊት ሁሉ ጥበብ አይደለም። ፊቱን ካየሁት በኋላ ምንም ካልቀየረብኝ፣ ጋሼ «እጁ የታለ?» ማለታቸው ልክ ነው። የባነሩ ሥራ ግን እንዲያ አይደለም። ሥራው ያ አሮጌ ጨርቅ፣ ያ ጨለማ አዳራሽ፣ ከፊቱ የቆመው የእኔ ገላ፣ የሚያልፈው ጊዜ፣ ሁሉም አንድ ላይ ነው። አንዱን ካነሳህበት ይፈርሳል። እጁ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ስለ ዕድሜው ጋሼ ረትተውናል፤ እንዲህ ያለ ሥራ ጠባቂ ይፈልጋል፤ ጠባቂ ከሌለው ከሸራ በፊት ይሞታል። ለዚህ ደግሞ ጥፋተኛው ሠሪው አይደለም፤ የማስቀመጥ ኃላፊነቱ የእኛ ነው።

የሚቆጨኝ ይህን ሁሉ የተከራከርነው መዳፍ በምታህል ስክሪን አይተን መሆኑ ነው። የአክሱሙን ሥራ 15ቱም ስክሪኖች በርተው እዚሁ አዲስ አበባ አንድ ጨለማ አዳራሽ ውስጥ ማየት እፈልጋለሁ። ጋሼን ይዤ እሄዳለሁ፤ መጀመሪያ የትኛው ሣጥን ጋ እንደሚያዩም አጠገባቸው ቆሜ አያለሁ።

ቡናው ሦስተኛ ደረሰ። ሒሳብ ከፍለን ልንነሳ ስንል ጋሼ መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡና ወደ እንግዳችን ዞሩ።

«እስቲ ልጄ፣ ያችን ዓይኗን የምትጨፍንበትን ድገሚልኝ።»