ቱርክ ስትመጣ ሒሳቡ የማን ነው?

የጎረቤቴ ልጅ ቱርክኛ ትችላለች። የምትችለው ሦስት ቃል ነው። «ቻቡክ» ቶሎ በሉ ማለት ነው። «ታማም» እሺ፣ «ዮክ» ደግሞ የለም። የተማረችው እዚሁ ዓለም ገና አካባቢ፣ አንዲት አነስተኛ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ ነው። እናትየዋም በበኩላቸው ማታ ማታ በአማርኛ የተቀዳ የቱርክ ድራማ ሳያዩ አይተኙም። ልጅቱ ከሥራ ገብታ ቴሌቪዥኑ ላይ ዓይኗ ሲያርፍ «እነዚህ ሲያለቅሱ እንዴት ያምራሉ! እኔ የማውቃቸው ሲቆጡ ነው» ትላለች።

ስለ ቱርክ ያስነሳኝ ግን ታክሲ ውስጥ የሰማሁት ክርክር ነው። ከጀሞ ወደ ሰበታ የሚወጣ ሚኒባስ ነበር። አንዱ «ቱርክ አፍሪካን ቀስ እያለች እየጠቀለለች ነው» አለ። ሌላው ደግሞ «ከቻይናና ከፈረንጅ ቱርክ ትሻላለች፤ ቢያንስ ቅኝ ልትገዛን አልመጣችም» ብሎ መለሰለት። ረዳቱ መሀል ገብቶ «ሒሳብ!» አለ። ከሦስቱ ዋናውን ነገር ያነሳው ረዳቱ ይመስለኛል።

ቅኝ ልትገዛ አልመጣችም የሚለው እንኳ ትንሽ ያከራክራል። ምጽዋን እ.ኤ.አ. በ1557 የያዙት ኦቶማኖች ናቸው። ከዚያ በፊትም በኢማም አሕመድ ዘመን የቱርክ ነፍጥ በዚህ አገር ጮኋል። እርስ በርሳችን «ባሻዬ» ስንባባል ባሻ የሚለውን ቃል ያወረሱን እነሱ መሆናቸውን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? ለማንኛውም ይህ ያረጀ ሒሳብ ነው።

አዲሱ ሒሳብ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። አንካራ ያንን ዓመት «የአፍሪካ ዓመት» ብላ ሰየመችው። የልማትና ትብብር ድርጅቷ ቲካም በዚያው ዓመት በአፍሪካ የመጀመሪያውን ቢሮ የከፈተው አዲስ አበባ ነው። በ2002 በመላው አፍሪካ 12 ኤምባሲ ብቻ ነበራት፤ ዛሬ 44 ደርሷል። በ2003 ከ5 ቢሊዮን ዶላር ትንሽ የሚበልጠው የንግድ ልውውጥ በ2022 ከ40 ቢሊዮን አልፏል። ይህ በአጋጣሚ አይመጣም። ቁጭ ብሎ ያሰበ ሰው ሥራ ነው።

ሶማሊያን እንይ። ኤርዶዋን እ.ኤ.አ. በ2011 በድርቁ ወቅት፣ ሌላው መሪ ሞቃዲሾን ሲሸሽ፣ ቤተሰባቸውን ይዘው ሄዱ። ከእርዳታው በኋላ የአውሮፕላን ማረፊያውንም ወደቡንም የሚያስተዳድሩት የቱርክ ኩባንያዎች ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ትልቅ የጦር ማሠልጠኛ ሰፈር ተከፈተ። እኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ከሶማሊላንድ ጋር የመግባቢያ ሰነድ ፈርመን ከሞቃዲሾ ጋር ስንኳረፍ፣ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. አንካራ ላይ አስማምታ መግለጫ ያስወጣችን ማን ናት? ቱርክ። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ከእኛም ጋር ወታደራዊ ስምምነት ፈርማለች። በሁለቱም ቤት ቡና የምትጠጣ ጎረቤት ማለት ናት። አልወቅሳትም፤ እንዲያውም እቀናባታለሁ።

የሚያናድደኝ የእኛ ወገን ነው። ዓለም ገና ላይ የተተከለውን የቱርኮች የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ አይካ አዲስን የማያውቅ የሰፈራችን ሰው የለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ሥራ ሲጀምር የቱርክ ኢንቨስትመንት ማሳያ ተብሎ ተጨበጨበለት። ሺዎች ሥራ አገኙበት፤ ይህን መካድ ነውር ነው። የቤት ኪራይ ጨመረ፣ ምግብ ቤት በዛ፣ ፈረቃ ሲለወጥ መንገዱ በሴት ልጆች ይሞላ ነበር። ግን ከገንዘቡ ትልቁ ድርሻ ከየት መጣ? ከልማት ባንክ፣ ማለትም ከኛው ኪስ። ብድሩ ሳይከፈል ቀረና ባንኩ ፋብሪካውን ተረከበ። «የውጭ ባለሀብት መጣ» ብለን ያጨበጨብነው ለገዛ ገንዘባችን ነበር።

የአዋሽ ወልዲያ የባቡር መስመርም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ፣ 1.7 ቢሊዮን ዶላር የተዋዋልንበት፣ ያፒ መርከዚ የተባለው የቱርክ ኩባንያ የሠራው። ኩባንያው ክፍያውን የሚቀበልበት ብድር የተገኘው ከቱርክ ኤግዚም ባንክና ከአውሮፓ ባንኮች ነው። ሐዲዱ ተዘረጋ፤ ባቡሩ ግን ዓመታት ተጠበቀ። ተቋራጩ ሥራውን ያውቃል፤ ዕዳው ግን የሚቀረው ከእኛ ጋር ነው።

ስለዚህ «ቱርክ ጥሩ ናት ወይስ መጥፎ?» የሚለው ጥያቄ አይጥመኝም። ቱርክ የምትፈልገውን ታውቃለች፤ ገበያ፣ ኮንትራት፣ ለድሮኗ ደንበኛ፣ በተባበሩት መንግሥታት ድምፅ። እኛስ ምን አስጽፈናል? ኢንቨስተሩ ከራሱ ኪስ ስንት ያስገባል? ማሽኑን የሚጠግን ኢትዮጵያዊ በስንት ዓመት ይወጣል? ለሠራተኛዋ ስንት ይከፈላል? የመጨረሻውማ ባለቤት የለውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ ይቋቋማል ካለ ስንት ዓመቱ! የጥጥ ዋጋ ድርድር አለው፤ የልጅቱ ቀን ግን የለውም። ደግሞ በቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ አንካራና ኢስታንቡል ተምረው የመጡ ልጆች አሉን። ቋንቋውን እንደ ውኃ ይጠጡታል። ብዙዎቹ አስጎብኚና አስተርጓሚ ሆነው ቀሩ። ድርድሩ ጠረጴዛ ላይ አጠገባችን ቢቀመጡ ምን ነበረበት?

የጎረቤቴ ልጅ ፋብሪካውን ከለቀቀች ቆየች። አሁን አስፋልቱ ዳር ጀበና ቡና ታፈላለች። ባለፈው ቅዳሜ ሁለተኛውን ስኒ እየቀዳችልኝ፣ አንድ ሌላ የቱርክ ፋብሪካ ሊከፈት ነው የሚል ወሬ እንዳለ ነገርኳት። ትገቢያለሽ ወይ አልኳት።

ጀበናውን ማቶቱ ላይ አስቀመጠች።

«ስንት ይከፍላሉ?» አለችኝ።