በእግሩ የሄደው እንቁላል

ቁጠባን መማር የሚሻ ሰው ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም፤ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን ይግባና በአንዱ ቤት አንድ ሳምንት ይሰንብት። አበው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው ትዕግሥትን አስተምረውናል። እኛ ልጆቻቸው ግን ጫጩቱ እስኪፈለፈል መጠበቁን ኪሳራ ሆኖ ስላገኘነው፣ እንቁላሉን ገና ትኩስነቱ ሳይለቀው ገበያ ማድረስ ችለናል።

ጎረቤቴን እንደ ምሳሌ ላንሣ። ምስጋና ሲበዛበት የሚያፍር ሰው ስለሆነ ስሙን አልጠራም። በግቢው አምስት ዶሮዎችና አንዲት ላም አሉት፤ በቤቱ ደግሞ የአራት ዓመት ሴት ልጅና ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ወንድ ልጅ አሉት። ዶሮዎቹ የጣሉት እንቁላል በቅርጫት ውስጥ ጭድ ለብሶ ይጠራቀማል፤ አባወራው ማታ ማታ እየቆጠረ ያድራል። ልጆቹ እንቁላል ምን እንደሚመስል አሳምረው ያውቃሉ፤ ምን ምን እንደሚል ግን አያውቁም። አንድ ቀን የሰፈራችን አሮጊት ለቡና መጥተው «ልጄ፣ ለዚህ ሕፃን አንዲት እንቁላል ብትሰብሩለት ምን ይላችኋል?» ቢሉት፣ «እማማ፣ እንቁላል እኮ ገንዘብ ነው» ብሎ ቁጠባን አስረዳቸው። እማማ «ገንዘብነቱንስ አጥቼው አይደለም» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

የእንቁላሉ ገንዘብ የት ይገባል ብሎ የሚጠይቅ ነገረኛ መቼም አይጠፋም። መልሱ የማገዶ ቁጠባ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጩ አጥንት ሰብሮ ይገባል። እንዲህ ባለው ብርድ አንድ አባወራ ቤቱን ላሙቅ ቢል ስንት ኩበት፣ ስንት ከሰል ይፈጅ ነበር! ጎረቤቴ ግን እንቁላሉን ሽጦ ሲመለስ አረቄ ቤት ጎራ ብሎ ከውስጥ ይሞቃል። በሦስት መለኪያ የተገኘው ሙቀት እስከ ቤቱ ድረስ ሳይበርድ ይዘልቃል፤ ደጁን አልፎ ሲገባም ድምፁን ከፍ አድርጎ ሚስቱንም ልጆቹንም ያሞቃቸዋል። አንዲት ፍልጥ እንኳ አልነደደችም።

የወተቱ አያያዝም ከእንቁላሉ አያንስም። ገዥ ባለበት ወራት ወተቱ ከላሟ ጡት በቀጥታ ወደ ገዥው ጀሪካን ይወርዳል። ዐቢይ ጾም ሲገባና ለ55 ቀናት ወተት የሚጠይቅ ሲጠፋ፣ የዋህ ሰው «አሁንማ ለልጆቹ ይደርሳል» ሊል ይችላል፤ ይህ የቁጠባን ጥልቀት አለማወቅ ነው። ወተቱ ይናጣል፣ ቅቤው ለፋሲካ ገበያ ይቀመጣል፣ ለልጆቹ አሬራው ይቀራል። ትልቋ ልጅ ደግሞ አሬራውንም እንዳትነካ «ጾም ነው» ትባላለች። ቤተ ክርስቲያን ሰባት ዓመት ያልሞላውን ሕፃን ጹም ብላ ባታስገድድም፣ ለቁጠባ ሲባል ከቤተ ክርስቲያንም በላይ መጽናት ይቻላል። ጸሎቱ ግን እስካሁን አልተጀመረም።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በየጊዜው ብቅ እያለች፣ ሕፃን እስከ ስድስት ወር የእናቱ ጡት ብቻ እንደሚበቃው፣ ከዚያ በኋላ ጡቱ ሳይቋረጥ ከገብስ፣ ከአጃና ከሽንብራ በተዘጋጀ ምጥን ዱቄት ገንፎ እንዲሁም እንቁላልና ወተት እንደሚያስፈልገው ትናገራለች። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 37ቱ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ቁመት አላገኙም። ባለሙያዋ ይህን እንደ ችግር ትቆጥረዋለች፤ ልብስ የሚገዛ አባት ግን ሌላ ነገር ያይበታል፤ ላላደገ ልጅ የአምናው ሱሪ ለዘንድሮም ይበቃዋላ!

በዚያው ቤት እናቲቱ የአሮጌ አንሶላ ቁራጭ የሽንት ጨርቅ አድርጋ እያጠበች ለዳይፐር የሚወጣውን ታስቀራለች፤ የታላቋን ሹራብ ተርትራ ለታናሹ ትሠራለች፤ ከጓዳዋ እህል ምጥኑን ቆልታ ታስፈጫለች፤ ልጇንም እያጠባች የሚገዛ ወተትን ወጪ ታድናለች። ይህ ሁሉ ግን በቁጠባ መዝገብ አይገባም፤ የሴት ሥራ ይባላል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የተቆጠበው ለትልቅ ዓላማ ነበር፤ የታናሹ አንደኛ ዓመት ልደት ደረሰ። ጎረቤቴ ዕቁቡን በልመና አስቀድሞ ወሰደ፤ የጎደለውን ተበደረ። በአጥሩ ላይ ፊኛ ተሰቀለ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ሁለት የመንዝ በግ ታረደ፣ ሙዚቃው እስከ ማዶው ሰፈር ተሰማ። አረቄውማ ለእንግዶች ሙቀት ሲባል በጀሪካን ቀረበ። ፎቶ አንሺው ሕፃኑን ከሰው ሰው እያቀባበለ ሲያነሣው፣ ሕፃኑ ግራ ገብቶት እንደ ባለዕዳ እየዞረ ያለቅስ ነበር። ቀጥሎም ከአንድ ትልቅ ኬክ ቤት የታዘዘ ባለ ሦስት ደርብ ኬክ ገባ።

እኔ ኬኩን ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ኬክ ጋጋሪ እንቁላል የሚሸምተው ከዚያው ከገበያችን ነውና፣ በእግሩ የሄደው የጎረቤቴ እንቁላል ክሬም ተቀብቶና ሻማ ተክሎ፣ በብዙ እጥፍ ዋጋ ወደ ቤቱ ተመልሶ እንደ ሆነ ማን ያውቃል? ሕፃኑም ከዚያ በጣት ተቆንጥሮ ቀመሰና በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ እንቁላል በላ። እማማም ጥግ ተቀምጠው ነበር፤ ጎረሰ አልጎረሰም ብለው ጎንበስ ብለው አዩት፣ ምንም አልተናገሩም።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቴ ራሱን በሻሽ አስሮ ሚስቱን ጠራትና ሰሞኑን ወጪ ስለ በዛ ለልጆቹ ሻይ የሚገባው ስኳር እንዲቀነስ አዘዘ። ከዚያም ወደ ዶሮዎቹ ወጥቶ ቅርጫቱን ቆጠረ።