ዓይን ነው!

ደብረ ብርሃን ሐኪም ያንሳታል ብሎ የሚያማ ሰው፣ ጠባሴ መንገድ ዳር ቆሞ እጁ ተንቀጥቅጦበት አያውቅም። ካርድ የለ፣ ወረፋ የለ! ከአስፋልቱ ማዶ አንዱ «የሌሊቱ አረቄ ነው» ይላል። ሌላው «ኧረ ውርጩ ነው፣ ጋቢ ደርቡለት» ይላል። እትዬ ደግሞ ከንፈራቸውን መጥጠው «ዓይን ነው» ይላሉ።

ለነገሩ እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰንም እ.ኤ.አ. በ1817 ዛሬ በስሙ «ፓርኪንሰን» የሚባለውን የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ሲገልጽ፣ ከጻፈላቸው ስድስት ሰዎች አንዳንዶቹን ያያቸው መንገድ ላይ ነበር። እሱ ምስኪን ግን መጽሐፍ እስኪወጣው ደከመ፤ የእኛዎቹ ባጃጅ እስኪሞላ ይጨርሱታል።

የአረቄውን ምርመራ እናድንቅ። የፓርኪንሰን እጅ የሚንቀጠቀጠው በተለይ ጭን ላይ አርፎ ሳለ ነው፤ አውራ ጣትና ሌባ ጣት መቁጠሪያ እንደሚቆጥር ሰው በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ይፋተጋሉ። ሲኒ ሊያነሳ ሲዘረጋው ብዙ ጊዜ ጋብ ይላል። አረቄ የቀረበት ጠጪ እጅ ግን ሲዘረጋ ይብሳል። ይህን ለመለየት ትንሽ ቆም ማለት ይጠይቃል፤ ማን ጊዜ አለው?

ትከሻና አንገት ሲወዛወዝማ «እስክስታ ወረደ!» ይባላል። ያ የክኒኑ ነገር ነው። ሌቮዶፓ የሚባለው የፓርኪንሰን መድኃኒት ለዓመታት ከተወሰደ በኋላ፣ መድኃኒቱ ደም ውስጥ ከፍ በሚልበት ሰዓት ሰውነት ያለ ፈቃዱ ይወዛወዛል። መጠኑን ቀንሶ ቶሎ ቶሎ እንዲወሰድ ማዘዝ የሐኪም ሥራ ነበር፤ ጎረቤት ግን ያሳጥረዋል፦ «ተወው!»። በድንገት የተቋረጠ ሌቮዶፓ ጡንቻን አግትሮ፣ ትኩሳት አንድዶ ሊገድል ይችላል። ያኔም ምርመራ አይጠፋም፤ «ምች ነው» ይባላል።

ምግቡስ? «መድኃኒት በባዶ ሆድ? አይሆንም!» ተብሎ ዓይብ ይቀርባል። የዓይቡ ፕሮቲን አንጀት ላይ ከሌቮዶፓ ጋር ይጋፋና ክኒኑ ሳይሠራ ይውላል፤ ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ቢዋጥ ይሻለው ነበር። ጥቅምት ሲጠባ ደግሞ የባቄላ እሸት ይታዘዛል። እዚህ ላይ ሽሙጡን ተወት እናድርግ፤ እሸቱ ውስጥ እውነትም ሌቮዶፓ አለ። ስንት ሚሊግራም እንደሆነ ግን ባቄላው አይናገርም፤ በክኒኑ ላይ ሲደረብ ውዝዋዜውን ሊያባብሰው ይችላል።

ከሁሉ ግን እትዬ ይመስገኑ፣ እሳቸው አልተሳሳቱም። መንቀጥቀጡ ሰው ትኩር ብሎ ሲያየውና ሲጨነቅ ይብስበታል። «ዓይን ነው» ይላሉ ደግመው፣ ባጃጁ እስኪሞላም ትክ ብለው ያዩታል።