አምስት ሺህ ወዳጅና አንድ ፍሪጅ

ፌስቡክ ለአንድ ሰው የሚፈቅደው የጓደኛ ብዛት 5,000 ነው። ከዚያ በላይ ያማረው ከነበሩት ቀንሶ ይጨምራል። እኛ ሰፈር፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት አጠገብ ባለው ኮንዶሚኒየም፣ ይህን ኮታ ሞልቶ ያስጨነቀ አንድ ጎረቤት አለን። አራተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው። ደረጃ ላይ ስናገኘው አንገቱ ስልኩ ላይ ስለሚደፋ ፊቱን ሳይሆን አናቱን ነው የምንለየው። መላጣው እየሰፋ መሆኑን ከሚስቱ በፊት ያወቅነው እኛ ነን።

ሮቢን ደንባር የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ፣ የሰው ልጅ አእምሮ በወጉ ሊይዘው የሚችለው የትውውቅ መጠን ወደ 150 ሰው ገደማ ነው ብሎ ነበር፤ ነገሩን የጻፈው በ1990ዎቹ ፈረንጅ ዘመን ነው። የዕድራችን ዳኛ ደንባርን አያውቁትም። ተመዝጋቢ ሲበዛባቸው ግን «ከዚህ በላይ ድንኳኑ አይችልም» ብለው መዝገቡን ከደኑት።

ባለአምስት ሺሁ ጎረቤታችን በቀደም ፍሪጅ ገዛ። ገና አይሱዙው ላይ እንዳለ ፎቶ አንስቶ «ተመስገን» ብሎ ለጠፈው። እንኳን ደስ አለህ ዘነበለት። አንዱ ከዱባይ «ይገባሃል ወንድሜ» አለ፣ ሌላው «ከዚህ የበለጠ ይስጥህ» ብሎ መረቀ፣ ሌላዋ ዋጋውን ኢንቦክስ አድርግልኝ አለች። እሱ መልስ ሲጽፍ ጫኝና አውራጆች መኪናውን ከበቡት። ከከተማ ዳር የኖረ ሁሉ ያውቃቸዋል፤ ዕቃውን ከማውረዳቸው በፊት ዋጋውን ይሰቅሉታል። የጠሩት ሒሳብ ሁለተኛ ፍሪጅ ባይገዛም በሩን ይገዛል። ሕንፃው ደግሞ አሳንሰር የሚባል ነገር አልፈጠረበትም።

በዚህ መሀል ምድር ቤት ያለችው የማሙሽ እናት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ የምትቀነጥሰውን በርበሬ ሰፌዱ ላይ ትታ ወጣች። «እናንተ ልጆች፣ እኔ በምኖርበት ደጅ?» አለች። ይቺን ብቻ። አውራጆቹ ካርታቸውን ወዳቆሙበት ጥላ ተመለሱ። ከዚያ «ማሙሽ! ጓደኞችህን ይዘህ ና!» ብላ ተጣራች፤ ሜዳው ላይ ኳስ የሚያንከባልል ጎረምሳ በሙሉ መጣ። ፍሪጁ ሁለተኛው ፎቅ መታጠፊያ ላይ ሲቀረቀር ጡረተኛው ጋሼ በፒጃማ ወጡ። ዕድሜያቸውን በከባድ መኪና ሹፌርነት የጨረሱ ናቸው። «ወደ ግራ አዘንብል! እግሩን አስቀድም! ኧረ የሰው ንብረት ነው!» እያሉ አራተኛ ፎቅ አደረሱት፤ መሪ እንደያዙ ሁሉ እጃቸው በአየር ላይ ይዞር ነበር።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ፍሪጅ ግን አምስት ሺህ ሰው ላይክ ቢያደርገውም አይቀልም። ማታ ቦታውን ይዞ በድጋሚ ተለጠፈ። ጥግ ላይ የማሙሽ ክርን ይታያል። ጽሑፉ «በራሴ ላብ» ይላል።

ይህ እንግዲህ ጉዳት የሌለው ነው። ለጥምቀት ጎንደር መሄዱን፣ ቤተሰቡን ጠቅልሎ መሄዱን፣ መቼ እንደሚመለስ ጭምር የሚለጥፍ አለ። ሌባ እንደ ጓደኛ በላይክ አያልፍም፣ እስከ መጨረሻው ያነባል። ያላጣራውን ወሬ ለአገር የሚበትንም አለ። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨትን ወንጀል አድርጎታል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ ከሆነ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። ልብ በሉ፣ ፌስቡክ ጓደኛ መቁጠር ባቆመበት ቁጥር ላይ ነው ሕጉ ቅጣት ማክበድ የጀመረው። ቡና ላይ የሚወራ ሐሜት እኮ ቢበዛ ከአቦል እስከ በረካ ነው ዕድሜው።

የጎረቤታችን ቴሌግራም የተጠለፈው ከፍሪጁ በኋላ ነው። አንድ ወዳጁ «ለእህቴ ልጅ ውድድር ድምፅ ስጥልኝ» ብሎ ሊንክ ላከለት፤ ያ ወዳጁም ቀድሞ የተጠለፈ ነበር። ሊንኩ ስልክ ቁጥሩን ጠየቀው፣ ሰጠ። ባለአምስት አሃዙን ኮድ ጠየቀው፣ ሰጠ። ኮዱ ሲመጣ ለማንም አትስጥ የሚል ማስጠንቀቂያ አብሮት ይመጣል፤ የኛ ሰው ግን ቁጥሩን ብቻ ነው የሚያነበው። ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን የሚባለውን ተጨማሪ የይለፍ ቃል አላበራም፤ ቢያበራ ኖሮ በኮዱ ብቻ አይገቡበትም ነበር።

ሌባው ገብቶ ለሁሉም ጻፈ፦ «ሰላም ነው? ቴሌብር ላይ ብር ይኖርሃል? ባንክ ሲስተም የለም ብሎኝ ነው፤ ነገ ጠዋት አስገባልሃለሁ።» አገሩን የሚያውቅ ሌባ ነው። ሲስተም የለም ሲባል የሚጠራጠር ኢትዮጵያዊ የት ይገኛል?

ማን ላከ? «ይገባሃል ወንድሜ» ያለው አልላከም። የማሙሽ እናት ግን ለዕቁብ ያስቀመጠችውን ላከች። ጋሼ ከጡረታቸው ቆርጠው ላኩና «ልጄ፣ ለዚህ ለዚህ ወርደህ በሬን ብታንኳኳ ምን ነበረበት?» ብለው ጻፉለት። ሌባው «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ» ብሎ መለሰላቸው። ጨዋ ልጅ ነው።

በማግስቱ ወሬው ሲወጣ ያልላከ ሁሉ የሳይበር ባለሙያ ሆነ። «እኔማ ሀከር መሆኑ ወዲያው ገብቶኝ ነው ዝም ያልኩት» ይላል አንዱ። «አጻጻፉ እኮ ያስታውቃል» ይላል ሌላው። በዚህ ዓይነት ስርቆት የሚዘረፈው ደህና ጓደኛ ብቻ ነው፤ ለማንም የማያበድር ሰው ከየትኛውም ሀከር የተጠበቀ ነው። ከዚያ ወዲህማ ሰፈራችን ብድር የሚከለክልበት ዘዴ አገኘ፤ ፊት ለፊቱ ቆሞ ብር የሚጠይቀውን ሰው ጭምር «ሀክ ተደርገህ እንዳይሆን?» ብሎ የሚያልፍ አለ።

ጎረቤታችን ዕዳውን ለመክፈል ደፋ ቀና እያለ ነው፤ ይህን አልክድም። ግን በዚህ ሰሞን አንድ ቀብር ቀረ። ዳኛው ስም ሲጠሩ የለም፣ ተቀጣ። እሱ ታዲያ ስልኩን ይዞ መጥቶ ተከራከረ፤ በዕድሩ ግሩፕ ላይ ማንም ሳይቀድመው «ነፍስ ይማር» ብሎ ጽፏል፣ የተጋጠሙ ሁለት እጆችም አክሎበታል።

ዳኛው መነጽራቸውን አጠለቁና ወደ ላይ ወደ ታች እየገፉ አዩ። «እውነት ነው፣ ጽፈሃል» አሉ። «እነዚህን እጆች ለማሙሽ ልደትም ልከሃቸዋል። ሬሳ የተሸከሙት ግን ሌሎች እጆች ናቸው። ቅጣትህን ክፈል።»

«እሺ ጋሼ፣ በቴሌብር ልላክልዎ?»

«አንተ ራስህ መሆንህን በምን አውቃለሁ? ይዘህ ና።»