ከእንቅልፉ በፊት ገቢውን እዩት

የሹፌሮችን መዛል ከእንቅልፍ እጦት ጋር ብቻ የሚያያይዝ ጽሑፍ ግማሹን ነው የሚነግረን። የጅማን ባጃጅ እዩ። ሹፌሩ ገበያ ኖረም አልኖረ ለባለንብረቱ የተቆረጠ የቀን ገቢ ያስገባል። ነዳጅ ወረፋ ላይ ግማሽ ቀን ሲቃጠል ገቢው አይቀነስለትም፤ ያንን ለማካካስ ማታ ይነዳል። ውሉ በቃል ስለሆነ ቅጣትና ጎማ የማን ወጪ ነው የሚለው ጭቅጭቅም አለ።

ከጅማ አዲስ አበባ ያለው መስመር ሌላ ነው። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መሀሉ ላይ የጊቤ ቁልቁለት። ጭነት የያዘ አይሱዙ እዚያ በፍሬን ብቻ ከተወረደ የፍሬኑ ሸራ ግሎ መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ ገና ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ ማርሽ አስገብቶ በሞተር እየያዙ መውረድ ነው፤ ጆሮ ሞተሩ ላይ፣ እግር ፍሬን አጠገብ፣ ከቆላው ሙቀት ጋር። ይሄ ድካም በኪሎ ሜትር አይለካም።

ጫቱስ? እንቅልፍን ያዘገያል እንጂ አይተካም። ምርቃናው ከሌሊቱ 8 እስከ 11 ሰዓት ከወረደ፣ ሰውነት በተፈጥሮው ከሚዝልበት ሰዓት ጋር ይገጥማል፤ ዓይን ተከፍቶ አእምሮ ለሰከንዶች ይተኛል። በ80 ፍጥነት 3 ሰከንድ 67 ሜትር ያህል ነው።

ቡና ጠጥቶ ወዲያው 20 ደቂቃ ማሸለብ ይሻላል፤ ቡናው መሥራት የሚጀምረው ሲነቁ አካባቢ ነው። በአውሮፓ ሕግ ለጭነት መኪና 4 ሰዓት ተኩል ከተነዳ 45 ደቂቃ እረፍት ግዴታ ነው። ለባጃጁ ግን ባለንብረቶች ገቢውን በሳምንት 6 ቀን አስልተው አንዱን ቀን ቢተዉለት ከምክር ሁሉ ይበልጣል።